ጳጉሜን የማያውቀው ሠንጠረዥ

ኤክሴል ውስጥ በዓለም ታሪክ ኖራ የማታውቅ አንዲት ቀን አለች። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ትባላለች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመቶ የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ በቀር 366 ቀን አይኖረውም። ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ ያበቃው 28 ላይ ነው። እናንተ ግን ኤክሴል ከፍታችሁ ፌብሩዋሪ 29፣ 1900 ብላችሁ ብትጽፉ ያለ ምንም ማንገራገር ይቀበላችኋል፤ የቀን ቁጥሯን 60 ብሎም ይመዘግባታል።

ነገሩ የመጣው ከአያቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ የሚች ኬፖር ኩባንያ ሎተስ 1-2-3 የሚባል ፕሮግራም አወጣ። ሎተስ በአራት የሚካፈልን ዓመት ሁሉ ባለ 366 ቀን አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ 1900ንም ጨምሮ። ማይክሮሶፍት በ1987 ኤክሴልን ለዊንዶውስ ሲያዘጋጅ የሎተስ ተጠቃሚዎች ፋይላቸውን ይዘው እንዲሻገሩለት ፈለገ። ስህተቱን ቢያርመው ከሎተስ የሚመጣው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛነፋል። ስለዚህ እያወቀ ስህተቱን ተቀበለው። ዛሬም ድረስ ቢታረም ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነው።

አሁን ደግሞ እዚያው ሴል ላይ ጳጉሜ 5 ቀን 2015ን ጻፉ። እንደ ልማዳችን ቀኑን አስቀድመን 5/13/2015 ስንል፣ ኮምፒውተሩ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ቢሮ ማሽኖች በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ላይ እንዳለ ከሆነ፣ ኤክሴል ወዲያው ይቀበልና ሜይ 13 ቀን 2015 ያደርገዋል። ከእውነተኛው ቀን ስምንት ዓመት ከአራት ወር ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። ኖራ የማታውቀው የ1900 ቀን የራሷ ቁጥር ተሰጥቷታል። በየዓመቱ የምትመጣዋ ጳጉሜ ግን የላትም።

ይህን የማነሳው ለቀልድ አይደለም። ስለ ኤክሴል በየቢሮው የሚጠየቁት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከተጠቃሚው አለማወቅ የመጡ ተደርገው ይታያሉ። “ቀኑ ለምን ተቀየረብኝ?”፣ “ዜሮው የት ሄደ?”፣ “ስሙ እያለ ለምን የለም ይለኛል?”፣ “የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ ለምን እንዲህ ሆነ?” ለጠያቂው “ሥልጠና ውሰድ” ይባላል። እኔ ግን እነዚህ ጥያቄዎች የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው እላለሁ። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ዘመን አቆጣጠር፣ የራሳቸውን ፊደልና የራሳቸውን የስም አወጣጥ ይዘው ሠሩት። እኛ ደግሞ የራሳችንን ይዘን ገባንበት። ግጭቱ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ምረጥ ብባል ዲላን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በጌዴኦ ዞን ሠንጠረዥ ውስጥ የሚገባው ነገር ቡና ነው፤ ቡና ማለት ደግሞ እዚያ የሰው ዓመታዊ ኑሮ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንያዘው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዳን ብሪክሊን የሚባል የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በረድፍና በዓምድ ቁጥር ሲደረድር ያያል። አንድ ቁጥር ሲሳሳት ወይም ሲቀየር ከሥሩ ያለው ሁሉ እየጠፋ እንደገና ይጻፋል። ብሪክሊን ይህን ማሽን ቢሠራውስ ብሎ አሰበ። ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆነው በ1979 ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ለአፕል ሁለት ኮምፒውተር አወጡ። አንዱን ቁጥር ስትቀይር የቀረው ራሱን ያስተካክላል። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ተአምር ነበር።

በዚያው ዓመት እኛ ጋ ምን ይደረግ ነበር? ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በሂደት 15 ቋንቋዎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኑ፤ ጌዴኦኛ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። አንድ የጌዴኦ አርሶ አደር በራሱ ቋንቋ ስሙን መጻፍ በሚማርበት ወራት፣ ሌላ አገር ውስጥ ስሙ አንድ ቀን የሚገባበት ሴል እየተሠራ ነበር። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሥራዎች እስኪገናኙ ሃያ ምናምን ዓመት ወስዷል።

በጌዴኦ ወረዳዎች ለመገናኘታቸው አንዱ ትልቅ ምክንያት በ1994 እና 1995 ዓ.ም. ግድም የመጣው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ይመስለኛል። የያኔው ደቡብ ክልል ይህን ቀድመው ከጀመሩት አራት ክልሎች አንዱ ነው። ወረዳ በጥቅል የተመደበለትን በጀት ራሱ ያቅዳል፣ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይዘግባል ተባለ። ለበጀትና ለወጪ አይቤክስ የተባለ ለብቻው የተሠራ ሥርዓት በኋላ መጣ። ከሥርዓቱ ውጪ ያለው ሥራ ሁሉ፣ የስም ዝርዝር፣ የደመወዝ ሊስት፣ የማዳበሪያ ስርጭት፣ የስብሰባ አበል፣ እስከ ዛሬ የሚሠራው በኤክሴል ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ቀስ በቀስ ከትልቁ ባለ መስመር መዝገብ ወደዚሁ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ቡናው ጊዜ እንምጣ። በጌዴኦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት እሸት ቡና የሚለቀምበት፣ ማጠቢያ ጣቢያዎች ቀንና ሌሊት የሚሠሩበት ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶችና የቀን ሠራተኞች የሚከፈላቸው በቀን ተቆጥሮ ነው። አንድ ሂሳብ ያዥ ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ስንት ቀን እንደሆነ ኤክሴልን ይጠይቅ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ነው፤ የመጀመሪያዋን ቀን ካልቆጠርን 10 ቀን ይሆናል። ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ኤክሴል ግን 25/2/2017 እና 5/3/2017ን ሲያይ የሚያስበው ፌብሩዋሪንና ማርችን ነው። ኮምፒውተሩ ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ ተስተካክሎ እንኳ መልሱ 8 ነው። ምክንያቱም የ2017 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ነው። ዓመቱ 2016 ቢሆን ኖሮ 9 ይል ነበር። በሚቀጥለው ወር ያው ሰውዬ ከኅዳር 25 እስከ ታኅሣሥ 5 ሲጠይቅ ደግሞ 11 ይለዋል፤ ማርች 31 ስለሆነ። ያው አሥር ቀን አንዴ 8፣ አንዴ 9፣ አንዴ 11 ሆነ። አንዷ ሴት የሁለት ቀን ሥራዋን ታጣለች፤ ሌላዋ የአንድ ቀን ትርፍ ታገኛለች። ክፋቱ ደግሞ ምንም የስህተት ምልክት አይወጣም። ቀይ መስመር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ቁጥሩ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

ማሽኑ በአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ቀኑ ከ12 የማይበልጥ ከሆነ ወርና ቀኑን ገልብጦ ይቀበላል፤ ከ12 ከበለጠ ቀን መሆኑን ክዶ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ዓምዱን ልብ ብላችሁ ብታዩ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ተጠግቶ ታገኙታላችሁ። ወደ ቀኝ የተጠጋው ኤክሴል “ገብቶኛል” ያለው ነው። ሳይገባው።

አንዳንዱ ብልኅ ሂሳብ ሠራተኛ ዴይስ 360 በሚባለው ፈንክሽን ይጠቀማል። ይህ ፈንክሽን ለሂሳብ ሥራ ሲባል እያንዳንዱን ወር 30 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ነው። የሚያስቀኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፈረንጆቹ ሂሳብ ሠራተኞች የወሮቻቸው አለመስተካከል ሲያስቸግራቸው የፈጠሩት የውሸት ዓመት የእኛው ዓመት ነው፤ ጳጉሜ ተቆርጣ። ለጥቅምት 25ቱ ጥያቄ በትክክል 10 ይመልሳል። ጥቅምት 30 ላይ ግን ይሰናከላል፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን መጻፍ ስለማይቻል።

እኔ የማምነው መፍትሔ የሚከተለው ነው። ቀኑን በአንድ ሴል አትጻፉ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሦስት ዓምድ ለዩት። አራተኛው ዓምድ ላይ ይህን አስሉ፦

ዓመት × 365 + (ዓመት ÷ 4፣ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ) + (ወር − 1) × 30 + ቀን − 691164

ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ለመውሰድ ኢንት የሚባለው ፈንክሽን አለ። የሚወጣው ቁጥር ኤክሴል ራሱ ለዚያ ቀን የሰጠው ቁጥር ነው። መስከረም 1 ቀን 2000ን ብትሞክሩት 39337 ይመጣል። ሴሉን ወደ ቀን ፎርማት ስትቀይሩት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይላችኋል፤ የሚሊኒየማችን ቀን። ጳጉሜም 13ኛ ወር ሆና በሰላም ትገባለች። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ስትፈልጉ አራተኛውን ዓምድ ብቻ ቀንሱ። ይህቺን ፎርሙላ ገልብጣችሁ ለቢሮ ባልደረባችሁ ላኩለት፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ።

“የፈረንጁን አቆጣጠር ብንቀበልስ?” የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ይህ ቴክኒካዊ ግዴታ አይደለም። ኤክሴል የሒጅራን አቆጣጠር፣ የታይላንድን የቡድሃ ዘመንና የጃፓንን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ያሳያል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ስሌትም ሶፍትዌር ሠሪዎች በሚጋሩት ዓለም አቀፍ የቋንቋና የዘመን ቋት ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የጎደለው ስሌቱ ሳይሆን ጠያቂ ነው። (በነገራችን ላይ ኤክሴል ከ1900 በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አያውቅም። የአድዋ ድል ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ለእሱ አድዋ ተራ ጽሑፍ ናት።)

ጠያቂ ሲኖር ምን እንደሚሆን የዘረመል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሴፕት 1፣ ማርች 1 የሚባሉ የዘረመል ስሞች ነበሩ። ኤክሴል በየጊዜው ወደ ሴፕቴምበር 1 እና ማርች 1 ቀንነት ይቀይራቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጽሑፍ አቤት ብለዋል። በ2020 የዘረመል ስም አውጪው ኮሚቴ ተስፋ ቆርጦ ስሞቹን ራሱ ቀየረ። ሳይንስ ለሠንጠረዥ እጅ ሰጠ ማለት ነው። በ2023 ደግሞ ማይክሮሶፍት ያለ ፈቃድ ቁጥርና ቀን መቀየሩን ማጥፊያ ምርጫ አስገባ። አዲሱ ኤክሴል ያላችሁ ኦፕሽንስ ውስጥ ዳታ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አጥፉት።

ስም ላይ ስንደርስ ግን ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ ማሳበብ አንችልም።

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር አራት ሰው ነው። ቪሉክአፕ ከአንዱ ሊስት ወደ ሌላው ስም ሲፈልግ ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይሰማም። ዓለሙና አለሙ፣ ፀጋዬና ጸጋዬ፣ ሠናይትና ሰናይት እንደዚሁ። ገብረማርያም አንዱ ጋ ሙሉውን ይጻፋል፣ ሌላው ጋ ገ/ማርያም ይሆናል። ከስሙ መጨረሻ ላይ በዓይን የማይታይ ክፍት ቦታ ተትቶ ከሆነም ሌላ ሰው ነው። የቦታ ስም ከዚህ አይተርፍም፤ ይርጋጨፌና ይርጋ ጨፌ ለሠንጠረዡ ሁለት ወረዳዎች ናቸው። ሪፖርት ሲጠቃለል አንዱ ወረዳ ሁለት ቦታ ተከፍሎ የታየበት ሰው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው።

ጌዴኦ ላይ ይህ ነገር በእጥፍ ይከብዳል። በ1971 በግዕዝ ፊደል መጻፍ የጀመረው ቋንቋ ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ተሻግሯል። ስለዚህ የአንድ አርሶ አደር ስም በአማርኛ ሰነድ ላይ በግዕዝ፣ በጌዴኦኛ አጻጻፍ በላቲን፣ በላኪ ድርጅት ወረቀት ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በሌላ ላቲን ሊገኝ ይችላል። ከውጭ የመጣ ቅጽ “የቤተሰብ ስም” ብሎ ሲጠይቅ የአባት ስም ይገባል፤ በዚያው ተደርድሮ አንድ አባት ያላቸው የማይዛመዱ ሰዎች ቤተሰብ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውስ ደግሞ በዚህ ጊዜም ያመሰግናል። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የአማርኛ ፎንት ያገኘነው ኒያላ ከቪስታ ጋር በ2007 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ በመሳል ጉድጓዱን ሞሉልን። ውለታቸው ትልቅ ነው። ግን ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ያ ሁሉ ስም የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ በዚያ መልክ የተኙ ሊስቶች አሁንም ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ።

መላው ምንድን ነው? ሰውን በስሙ አትፈልጉ። ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጡና ሊስቶቹን በእሱ አገናኙ። ይህ ካልሆነ፣ ከስሙ ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ ከፍታችሁ ሰብስቲትዩት በሚባለው ፈንክሽን ሐን፣ ኀን፣ ኃንና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐንና ዓን ወደ አ ከነቤተሰቦቻቸው ቀይሩ፤ ትሪም በሚባለው ደግሞ ትርፍ ክፍት ቦታውን ጥረጉ። ንጽጽሩን በዚያ ዓምድ አድርጉ፤ ሰውየው የጻፈውን የራሱን ስም ግን አትንኩበት።

ቁጥር ላይ አልቆይም፤ ነገሩ አጭር ነው። ኤክሴል ቁጥር ያለውን ነገር ሁሉ የሚደመር ይመስለዋል። 09 ብሎ የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል። በሁለት ዜሮ የሚጀምር የግብር ከፋይ መለያ ከ10 አሃዝ ወደ 8 ይወርዳል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሂሳብ ቁጥር መሃሉ ላይ የላቲን ፊደል ገብቶበት ይታያል፤ ይህኛው እንኳ ማየት ያስጠላል እንጂ ቁጥሩ አልጠፋም። ክፉው 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ነው። ኤክሴል በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። 16ኛውን ወደ 0 ይቀይረዋል፤ አንዴ ከቀየረ በኋላ ፎርማቱን ብታስተካክሉትም አይመለስም። መድኃኒቱ ከመጻፋችሁ ወይም ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ቴክስት መቀየር ነው። በፊት! የተላከላችሁ ሊስት ላይ ያለው ሰው ሁሉ የፋይዳ ቁጥሩ በ0 የሚያልቅ ከሆነ ጊዜ አታጥፉ፤ ዋናውን ቅጽ መልሳችሁ አስመጡ።

ሠንጠረዡ የሰውን ሕልውና የሚወስነው ድሃ አገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው ላይ የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት የኮቪድ ውጤቶችን በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲያሰባስብ 15,841 ሕሙማን ከቆጠራው ወጡ። አሮጌው ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ የተረፈውን ጣለው። እነዚያ ሰዎች በቶሎ ስላልተመዘገቡ ከእነሱ ጋር የተገናኙትም በጊዜው አልተነገራቸውም።

ይህን ቁጥር ወደ ጌዴኦ አምጡት። በ1999ኙ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ነበር። በአሮጌው ፋይል እያንዳንዱን ሰው በአንድ ረድፍ ብትጽፉ ከ13 ሰው 12ቱ ቦታ ያጣል። አዲሱ ዓይነት 1,048,576 ረድፍ ስላለው ይበቃ ነበር። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተፈጠረው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል፣ ሰው በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ተጠልሎ ሳለ፣ እህል የሚታደለው በስም ዝርዝር ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ከሊስት መውደቁ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ኃይሉ ተብሎ ተመዝግቦ ሀይሉ ተብሎ የተፈለገ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

የታሪኩ የመጨረሻው ክፍል አሁን እየተጻፈ ያለው ነው፤ ለዚህም ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የዛሬው ጌዴኦ በንጉሡ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ከተማውም ዲላ። መሬቱ የተለካው በቃላድ ነው። ቃላድ ማለት ገመድ ነው። ልኩ ጋሻ ነው፤ 40 ሄክታር ያህል። ገመዱ የመጣው ከውጭ ነው፤ ለኪውም፣ መለኪያውም፣ ልኬቱ የሚጻፍበት መዝገብም። እንሰትና ቡና የተከለው ሰው በገመዱ ማግስት የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ። በቡናው ምርት ላይ የባለ መሬቱ ጥያቄ እየከበደ ሄዶ በ1952 ሚጭሌ ላይ ደም አፋሰሰ። ቃላድ የፈጠረው ሥርዓት እስከ የካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ቆይቷል።

አሁን አዲስ ቃላድ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው አይገባም። ይህን ለማረጋገጥ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ድረስ ይጠየቃል። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የጌዴኦ ማሳ በአብዛኛው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የደንቡ ተግባራዊነት ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ምዝገባው ግን አልቆመም። የሚገርመው፣ ይኸው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚኖሩበት፣ በዚያው በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ዛፍ በመጠበቁ የተሸለመ ሕዝብ ዛፍ አለመቁረጡን ነጥብ በነጥብ ሊያስረዳ ተቀምጧል።

እነዚያ ነጥቦች የሚጓዙት በምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በኤክሴል። እዚህ ላይ ነው ለስንት ዓመት “ትንሽ ነገር” ስንለው የኖርነው ነገር ትልቅ የሚሆነው። ዓምዱ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ተስተካክሎ ከሆነ 6.412357 የነበረው 6.41 ሆኖ ይታያል። ዓይን ላይ ነው እንጂ ውስጡ ቁጥሩ አለ። ፋይሉን ወደ ሲኤስቪ ቀይራችሁ ስትልኩት ግን የሚላከው የሚታየው ነው። አራቱ አሃዞች በዚያች ቅጽበት ይጠፋሉ።

ስድስት አሃዝ ማለት 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት አሃዝ ማለት 1.1 ኪሎ ሜትር። በ1999ኙ ቆጠራ በጌዴኦ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ስለዚህ ወደ ሁለት አሃዝ የወረደ ነጥብ ከ800 በላይ ሰው የሚኖርበትን ቦታ በአንድ እግር ቆሞ ይወክላል። የጎረቤታሞች ማሳ ሁሉ አንድ ላይ ይደረደራል። ነጥቡ ወንዝ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሌላ ሰው ዛፍ የቆረጠበት ቦታ ላይም ሊያርፍ ይችላል። ሳተላይቱ የሚያየው ነጥቡ ያረፈበትን እንጂ አርሶ አደሩን አይደለም።

ስለዚህ ይህን ሥራ የያዛችሁ፣ በማኅበርም በዩኒየንም በግል ላኪም፣ ወደ ሲኤስቪ ከመቀየራችሁ በፊት ሁለቱን ዓምዶች ስድስት አሃዝ እንዲያሳዩ አድርጉ። የአማርኛ ስም ካለበት ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ዓይነት መርጣችሁ አስቀምጡ፤ አለዚያ ስሙ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ዋናውን ፋይል አትጣሉ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ይህ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም። ቃላድ ሲጣል ገበሬው ቢያንስ ማሳው ላይ ቆሞ ገመዱ ሲወጠር በዓይኑ ያይ ነበር። በዛሬው ፋይል ውስጥ ያለውን የራሱን ረድፍ ያየው ስንቱ ነው? ማኅበሩ የእያንዳንዱን አባል ረድፍ፣ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ መለያ ቁጥሩንና ሁለቱን ነጥቦች አትሞ ቢሰጠው፣ በሶንጎም ተሰብስበው ሽማግሌዎች ባሉበት ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ የተሳሳተው ስምና የሌላ ማሳ ነጥብ እዚያው ይያዛል። ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ወረቀት ሩብ ገጽ አይሞላም። የሚታተመውም አዲሱ እሸት ጣቢያ ከመግባቱ በፊት፣ በነሐሴ ወይም በጳጉሜ ቢሆን ይመረጣል።